የቡና ንግድና ያልተከፈለው የደን ዕዳ

የዓለም አቀፍ ንግድ ጉዳይ የባንኮች፣ የላኪ ነጋዴዎችና የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። የቀበሌው ማኅበር አባል በስብሰባው ስለ ውኃ፣ ስለ ዘይትና ስለ ትራንስፖርት ይመክራል፤ ሠራተኛው በፋብሪካው ስለ መለዋወጫ ዕቃ እጥረትና ስለ ደመወዙ የመግዛት አቅም ይወያያል። ይሁን እንጂ ነዳጁም፣ መድኃኒቱም፣ መለዋወጫውም የሚገዛው አገራችን ምርቷን ለውጭ ገበያ አቅርባ በምታገኘው ምንዛሪ ነው። ለብዙ አሥርተ ዓመታት የዚህ ምንዛሪ ዋነኛ ምንጭ የነበረው፣ ዛሬም ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ የሆነው ቡና ነው። ስለሆነም የቡና ዋጋ የት እንደሚወሰንና ውጤቱ በመሬታችንና በደናችን ላይ እንዴት እንደሚያርፍ መመርመር ለሠርቶ አደሩ የቅንጦት ጥያቄ ሊሆን አይችልም።

ቡናን የሚተክለው፣ የሚኮተኩተውና የሚለቅመው ገበሬ ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው ግን እርሱ አይደለም። የአረቢካ ቡና መነሻ ዋጋ በኒውዮርክ፣ የሮቡስታ ደግሞ በለንደን የምርት ገበያዎች ይወሰናል። በእነዚህ ገበያዎች ከሚገዙትና ከሚሸጡት መካከል አንዲት ፍሬ ቡና ተረክበው የማያውቁ፣ በዋጋው መውጣትና መውረድ ብቻ የሚነግዱ በርካታ ናቸው። ዋጋው በየሰዓቱ ሲለዋወጥ የቡና ተክል በበኩሉ ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። በገንዘቡ ፍጥነትና በተክሉ ዕድገት መካከል ያለው ይህ ቅራኔ የችግሩ ሥር ነው።

ይህን ቅራኔ በጋራ ስምምነት ለማለዘብ የተሞከረበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት አምራችና ሸማች አገሮችን አሰባስቦ ለእያንዳንዱ አምራች የሽያጭ ኮታ ይመድብ ነበር። ኢትዮጵያም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ድርሻ ነበራት። በ1980ዎቹ ዓመታት ስምምነቱ ዋጋውን በፓውንድ፣ ማለትም በግማሽ ኪሎ ገደማ፣ ከ120 እስከ 140 የአሜሪካ ሳንቲም ባለው ክልል ለማቆየት ይጥር ነበር። ሥርዓቱ እንከን አልነበረውም ማለታችን አይደለም። ኮታው ትልልቆቹን አምራቾች ያደላ ነበር። ሆኖም ገበሬው የነገን ዋጋ በመጠኑም ቢሆን እንዲገምት አስችሎታል።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1989 አባል አገሮቹ በኮታ ክፍፍል ላይ ሳይስማሙ ቀሩና ሥርዓቱ ፈረሰ። ዋጋው ወዲያው አሽቆለቆለ። በዚያው ወቅት ቬትናም የሮቡስታ ምርቷን በፍጥነት አስፋፍታ በአሥር ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛዋ የዓለም ቡና አምራች ሆነች፤ ለዚህም በመካከለኛው ደጋማ ክፍሏ ሰፊ ደን ተመንጥሯል። በ2001 የዓለም አማካይ ዋጋ በፓውንድ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። ተጠቃሚው በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ለአንድ ስኒ የሚከፍለው ግን በዚያው መጠን አልቀነሰም። ልዩነቱ በቆዪዎች፣ በአከፋፋዮችና በንግድ ምልክት ባለቤቶች እጅ ቀረ። የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረስ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

የዚህ ውድቀት ሂሳብ በመጨረሻ የተወራረደው በምንድን ነው? በመሬት ነው። በሐረርጌ ስመ ጥሩውን ቡና ያበቅል የነበረው ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት መትከልን መረጠ። በዚህ ልንወቅሰው አንችልም። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፤ ገዢውም በየዕለቱ ከማሳው አይጠፋም። ነገር ግን ጫት በበጋ መስኖ ይፈልጋል። በሐረማያ ሐይቅ ዙሪያ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች በረከቱ፤ ዕፅዋቱ ከተራቆተው ተራራ የሚታጠበው አፈርም ሐይቁን ይሞላው ጀመር። የሐረር ከተማም ከዚያው ሐይቅ ትጠጣ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሐይቁ ደረቀ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም፤ የቡናው ዋጋ መውደቅ ግን ከምክንያቶቹ ሰንሰለት ውጭ አይደለም። በኋለኞቹ ዓመታት ውኃው በከፊል ቢመለስም፣ በባህር ማዶ የተቆረጠ ዋጋ እስከ ከተማ ነዋሪው ባልዲ ድረስ ሊዘልቅ እንደሚችል ሐረማያ አስተምሮናል።

በደቡብ ምዕራብ አገራችን ያለው ሁኔታ መልኩ ይለይ እንጂ ባሕርዩ አንድ ነው። በካፋና በያዩ ደኖች ቡና ዛሬም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በዱር ይበቅላል። ሁለቱም ሥፍራዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ሆነው ተመዝግበዋል። ደኑ ቡናውን ከፀሐይ ይከላከላል፤ ቡናው ደግሞ ደኑን ለመጠበቅ ለገበሬው ምክንያት ይሆነዋል። ዋጋ ሲወድቅ ይህ ምክንያት ይላላል፤ ደኑ ለበቆሎና ለባሕር ዛፍ ቦታ እንዲለቅ ይገደዳል። ነገር ግን ዋጋ ከልክ በላይ ሲወጣም አደጋው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ፣ በብራዚል ድርቅ ምክንያት፣ የአረቢካ ዋጋ በኒውዮርክ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። እንዲህ ያለው ዋጋ ደግሞ የደኑን ሥር መንጥሮ አዲስ ቡና ለመትከል ይገፋፋል። እንግዲህ ዋጋው ሲወርድም ሲወጣም መጥረቢያው ወደ ደኑ ይዞራል። ደኑ ለምንጮቻችን፣ ለአፈራችንና ለዝናባችን የሚሰጠው አገልግሎት በኒውዮርክ ዋጋ ውስጥ አይቆጠርምና።

በዚህ ላይ አዲስ ግዴታ ተጨምሯል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በለማ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ወስኗል። አስመጪው ቡናው የበቀለበትን ማሳ የሚያመለክት የካርታ መረጃ ማቅረብ አለበት። የደንቡ መተግበሪያ ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም ዝግጅቱ የሚቀር አይደለም። ዓላማውን አንቃወምም፤ ደን ሊጠበቅ ይገባል። ጥያቄያችን ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚለው ነው። ከሄክታር በታች ማሳ ያላቸው ሚሊዮኖች ገበሬዎች ደን ያለመቁረጣቸውን በራሳቸው ኪሣራ እንዲያረጋግጡ ከተጠየቁ፣ ለጠባቂነታቸውም ምንም ካልታሰበላቸው፣ የደኑ ዕዳ ሁለተኛ ጊዜ ለእነርሱው ይጫናል።

ይህን ስንል ጥፋቱን ሁሉ በባዕዳን ላይ ማላከክ ትክክለኛ ትንታኔ አይሆንም። በየወንዙ ዳር የተተከሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች የገለፈቱን ፍሳሽ ወደ ወንዝ ሲለቁ ከታች ያለው መንደር ይጠጣዋል። በኢንቨስትመንት ስም የተፈጥሮ ደን የተመነጠረበትም ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የተቋቋመው የምርት ገበያም ለዓመታት ቡናን በደረጃና በአካባቢ እያቀላቀለ ስለሸጠ፣ የደን ጠባቂው ቡና ከመንጣሪው ቡና ሳይለይ ቀርቷል። እነዚህ በእጃችን ያሉ፣ በእኛው ውሳኔ የሚታረሙ ናቸው።

መፍትሔው ገበያውን ዘግቶ መቀመጥ አይደለም፤ ተደራጅቶ መግባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና አምራቾች የኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ ተከትለውም የተቋቋሙት የሲዳማና የይርጋጨፌ ዩኒየኖች፣ ገበሬው በቀጥታ ለውጭ ገዢ መሸጥ እንደሚችል በተግባር አሳይተዋል። የማሳ ካርታውም በግለሰብ ነጋዴ እጅ ሳይሆን በኅብረት ሥራ ማኅበራቱ እጅ ሊሆን ይገባል፤ መረጃው የማን እንደሆነ ነገ ዋጋ የሚደራደረውን ይወስናልና። ቡናን ቆልቶና አሽጎ መሸጥም ሌላው የትግል መስክ ነው። አንድ የቡና ዛፍ የማይበቅልባት ጀርመን ዋነኛ ቡና መልሳ ላኪ ናት። ከ2001 ወዲህ የድሃ አገሮች ምርት ወደ አውሮፓ ኅብረት ያለ ቀረጥ ይገባል፤ ሆኖም የእኛ የተቆላ ቡና በዚያ ገበያ ዛሬም እምብዛም አይታይም። የሚቀረን ቀረጥን ማስነሣት ብቻ ሳይሆን ማሸጊያን፣ የንግድ ምልክትንና የማከፋፈያ መረብን መያዝ ነው።

የከተማው ሠራተኛና የቀበሌ ማኅበራት አባላት የዚህ ትግል ተመልካቾች ሆነው ሊቀሩ አይገባም። ከምርታችን ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ነን። በመጋዘኖች ውስጥ ቡና የሚለቅሙትና የሚያበጥሩት እናቶችና እኅቶች በየመንደራችን የሚኖሩ ናቸው። ደመወዛቸውን፣ የሥራ ቦታቸውን አቧራና የወንዞቻችንን ንጽሕና በስብሰባዎቻችን አጀንዳ ውስጥ እናስገባ። የሸማች ማኅበራትም ደን ከሚጠብቁ የገበሬ ማኅበራት በቀጥታ ቡና የሚገዙበትን መንገድ ይጥረጉ። ደኑን የሚጠብቀው ገበሬ የድካሙን ዋጋ እስካላገኘ ድረስ በምንጠጣው በእያንዳንዱ ስኒ ውስጥ ያልተከፈለ ዕዳ አለ። ይህን ዕዳ ቆጥሮ የሚያስከፍለው የተደራጀ አምራችና የነቃ ሸማች እንጂ የኒውዮርክ ገበያ አይሆንም።