በነጩ ገጽ ላይ የተነሰነሰ አሸዋ

«እናቴ» የሚለው ቃል ሦስት ቦታ ላይ «እናቲ» ሆኖ ታተመ። መጽሐፉ አንድ አዛውንት ስለ ልጅነታቸው የጻፉት ትዝታ ነው፤ አራሚዋ እኔ ነበርኩ። አዛውንቱ ሲደውሉልኝ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ልጄ፣ ሌላው ሁሉ ቢሳሳት ግድ አልነበረኝም» አሉኝና ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። በእርማት ሥራ 26 ዓመት ቆይቻለሁ። «ቲ»ን ከ«ቴ» መለየት ሲያቅተኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በማሽን አላሳብበውም። ነገር ግን ያን ዕለት ማታ መጽሐፉን ያነበብኩበትን ላፕቶፕ ከፍቼ፣ ጽሑፉን ትቼ ስክሪኑን ራሱን አየሁት። ነጩ ገጽ ነጭ አልነበረም። ደቃቅ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። አንገቴን ወደ ግራ ሳዘነብል አሸዋው ብልጭ ድርግም ይላል፤ አንዱ ጋ ቀላ፣ ሌላው ጋ አረንጓዴ፣ እዚያ ደግሞ ሰማያዊ። ወደ ቀኝ ሳዘነብል ብልጭታው ቦታ ይለዋወጣል። ለስምንት ወራት በዚያ አሸዋ ውስጥ ፊደል ስለቅም ኖሬያለሁ።

ላፕቶፑ መሥሪያ ቤታችን በጨረታ የገዛልን ነው፤ አዲስ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አቧራ መስሎኝ በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሜ ጠርጌዋለሁ። ሲያቅተኝ ለባልደረቦቼ ነገርኩ። «ዕድሜ ነው፣ ሁላችንም እንደዚያው ነን» አሉኝ። እውነት ነው፣ ከ40 በኋላ ቅርብ ማየት ይከብዳል፤ እኔም መነጽር ካደረግሁ ቆይቻለሁ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ የመነጽሬ ቁጥር አልተለወጠም። የኮምፒውተር ባለሙያችን ዘንድ ወሰድኩት፤ ፊልም ከፍቶ አሳየኝና «ይኸው፣ ጥርት ያለ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ልክ ነበር፤ ፊልሙ ጥርት ያለ ነበር። ተንቀሳቃሽና ባለብዙ ቀለም ምስል ላይ አሸዋው ይደበቃል። ጥቁር ላይም አይታይም። የሚወጣው ሰፊ ወጥ ነጭ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ እንጀራዬ ነጭ ገጽ ነው።

ነገሩን ያስረዳኝ መገናኛ አካባቢ ላፕቶፕ የሚጠግን ወጣት ነው። ገና ስከፍተው ነጩን ገጽ አየና «ማዘር፣ አልተበላሸም፤ ማቱ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያነበብኩትና እሱ ያለኝ አንድ ሆኖ አገኘሁት።

ስክሪን ሁለት ዓይነት ፊት አለው። ግሎሲ የሚባለው እንደ መስታወት ለስላሳ ነው፤ መስኮቱንም፣ መብራቱንም፣ ፊታችሁንም መልሶ ያሳያችኋል። ማት የሚባለው ደግሞ ላዩ በዓይን በማይለዩ ጉብታዎች እንዲሻክር ተደርጎ የተሠራ ነው። ከውጭ የሚመጣው ብርሃን እነዚህ ጉብታዎች ላይ ሲያርፍ ይበታተናል፤ የመስኮቱ ቅርጽ ይጠፋና ስስ ጭጋግ ብቻ ይቀራል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ችግሩ ጉብታዎቹ የውጭውን ብርሃን ከውስጡ የማይለዩ መሆናቸው ነው። ከስር የሚወጣውም ብርሃን በእነሱ በኩል ያልፋል፤ እያንዳንዷ ጉብታ እንደ ጥቃቅን ሌንስ ሆና አንዱን ወደ ዓይናችን ትሰበስባለች፣ ሌላውን ወደ ጎን ትገፋለች።

ነጭ የምንለው በስክሪን ላይ ነጭ አይደለም። እያንዳንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሦስት ሰረዞች አሉት፤ ሦስቱ አብረው ሲበሩ ዓይን ነጭ ብሎ ይቀበላቸዋል። ጉብታዎቹ ከእነዚህ ሰረዞች ጋር በመጠን ሲቀራረቡ አንዷ ጉብታ ቀዩን አጉልታ ታሳያለች፣ ጎረቤቷ አረንጓዴውን። ነጩ የሚሰነጣጠቀው እዚህ ላይ ነው። አንገት ሲንቀሳቀስ ዓይን በሌላ ጉብታ በኩል ስለሚያይ አሸዋው ያብረቀርቃል።

ከሁሉም ያስገረመኝ የሚከተለው ነው። የድሮው ላፕቶፔ 15.6 ኢንች ነበር፤ 1366 በ768 የሚሉት። እሱም ማት ነበር፤ አሸዋ ግን አልነበረውም። አዲሱ 14 ኢንች ሆኖ 1920 በ1080 ነው። በአሮጌው ላይ አንድ ፒክስል ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ነበር፤ በአዲሱ ላይ 0.16 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ላይ አንዱ ቀለም ያለው ሰረዝ ሲሶውን ብቻ ይይዛል። ፒክስሉ ሲያንስ ጉብታው አብሮ ካላነሰ፣ አንድ ሰረዝ ላይ ብዙ ጉብታዎች አርፈው እርስ በርስ መካካሳቸው ይቀርና አንዷ ጉብታ አንዱን ሰረዝ መርጣ ማጉላት ትጀምራለች። «ጥራቱ ከፍተኛ ነው» ተብሎ የተገዛው ስክሪን፣ ፊቱ የድሮው ሻካራ ከሆነ፣ ከአሮጌው የባሰ የሚያሸዋው በዚህ ምክንያት ነው። ቁጥር ጨምሮ ዓይን እንዲህ ሲጎዳ ማየት ያናድዳል።

ሰዎች ማት ስክሪንን «እንደ ወረቀት ነው» ሲሉ እሰማለሁ። አይደለም። ወረቀት ላይ ቀለሙ የሚያርፈው ከሻካራው ላይ ነው፤ ስክሪን ላይ ግን ፊደሉ ከሻካራው በታች ነው። ይህን ለማየት ነጠላ ይበቃል። የነጠላችሁን አንድ ፈርጅ ጋዜጣ ላይ ለጥፋችሁ አንጥፉት፤ ከስሩ ያለው ጽሑፍ ይነበባል። ነጠላውን ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጉት፤ ጽሑፉ ይጠፋል። ሻካራው ከፊደሉ በራቀ መጠን ብርሃኑ የሚበተንበት ቦታ ይሰፋል። በስልኩ ላይ «አንቲ ግሌር» የሚባለውን ማት ላስቲክ ያስለጠፈ ሰው ነጩ ገጽ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ጉርብጥብጥ የሚያየውም በዚህ ነው፦ የስልኩ ፒክስል በጣም ደቃቅ ነው፣ ላስቲኩ ደግሞ ከስልኩ መስታወት በላይ ተቀምጦ ከፒክስሉ ርቋል። እህቴ ልጇ ያስለጠፈላትን ከወራት በኋላ ስታነሳው፣ ስልኳ አዲስ የሆነ መስሏት ነበር።

እኔ ማትን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ጠረጴዛዬ ምዕራብ ከሚያይ መስኮት ፊት ነው፤ ከ9 ሰዓት በኋላ የአዲስ አበባ ፀሐይ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል። በግሎሲ ስክሪን ላይ በዚያ ሰዓት የማነበው የራሴን መነጽር ነው። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1990 ለቢሮ ሠራተኞች ያወጡት የስክሪን መመሪያ አለ። ስክሪኑ ሠራተኛውን ከሚያስቸግር ነጸብራቅ ነፃ ይሁን ይላል። እዚያው ላይ ደግሞ ፊደሎቹ ጥርት ብለው የተቀረጹ፣ ምስሉም የማይንቀጠቀጥ ይሁን ይላል። ሁለቱም ግዴታዎች እኩል ተጽፈዋል። ገበያው ላይ ግን የመጀመሪያው በርትቶ ሁለተኛው የተረሳ ይመስለኛል፤ አብዛኛው የቢሮ ላፕቶፕ ማት ሆኗል፣ ፊደሉ በማቱ ውስጥ ምን እንደሚመስል የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ወደ እኛ ከሚገቡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ እንዲህ ባሉ ቢሮዎች የኖሩ ናቸው።

የተሻለ መሥራት ይቻላል። ጉብታው ሲደቅና ከላይ ወደ ፒክስሉ ሲጠጋ አሸዋው ይጠፋል ማለት ይቻላል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ፕሮ ዲስፕሌይ ኤክስዲአር ላይ ሻካራውን በሽፋን ሳይሆን መስታወቱን ራሱን በናኖ ሜትር ደረጃ በመቅረጽ ሠርቶት ነበር፤ ለዚያ ብቻ 1,000 ዶላር ጨምሮ ይጠይቅ ነበር። በ2024 በማክቡክ ፕሮ ላይ ያንኑ አማራጭ በ150 ዶላር አቀረበው። ይህን የማነሳው ግዙ ለማለት አይደለም፤ ለብዙዎቻችን ከአቅም በላይ ነው። የስክሪን ፊት ራሱን የቻለ ሥራና ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን ለማሳየት ነው። እኛ ዘንድ ግን ስሙ እንኳ አይነሳም። ሻጩ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ኤስኤስዲውን ይዘረዝራል፤ ስክሪኑ ላይ ሲደርስ ኢንቹን ተናግሮ ያልፋል። እኔ ያየሁት የጨረታ ሰነድም እንደዚያው ነው።

ይህ ለእኛ ፊደል ከሌላው የበለጠ ይከብዳል ብዬ አምናለሁ። እኛ ዘንድ አንድ ቅርጽ ሰባት ልጆች አሉት፤ የሚለያዩት በእግር፣ በቀለበት፣ በትንሽ ጭረት ነው። «ቲ» እግሩ ላይ ጭረት አለው፣ «ቴ» እዚያው ቦታ ቀለበት አለው። «ጂ»ና «ጄ»ም እንዲሁ፤ ስለዚህ «ልጄ» በቀላሉ «ልጂ» ይሆናል። ነጠላ ሰረዝን ከድርብ ሰረዝ የሚለየው አንዲት ሰረዝ ናት። እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እንደመጣው ኒያላ ባሉ ጫፋቸው በሚቀጥን ፊደሎች ላይ ያቺ ቀለበት ጥቂት ፒክስሎች ናት። ከቀለበቷ መሐል ያለው ነጭ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። አሸዋው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ቀለበቱን ይደፍነውና ጭረት ያስመስለዋል። ገጹን ማጉላት ይረዳል፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ከ150 በመቶ በታች አላርምም። ግን 400 ገጽ በዚያ መጠን መግፋት ቀኑን ይበላል።

ስለዚህ የምጠይቀው እንዲህ ነው። ላፕቶፕ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ቀኑን ሙሉ ለሚያነቡት ሠራተኞቹ ከሆነ የሚገዛው፣ ናሙናውን ከእነሱ አንዱ ፊት ያስቀምጠው፤ ጸሐፊ፣ አራሚ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ማንም ይሁን። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ነጭ ገጽ ይክፈትለት፤ ብርሃኑን ከፍ አድርጎ አንገቱን ግራና ቀኝ እያለ ለ10 ደቂቃ ያንብብ። ዕቃውን ከተረከቡት በኋላ የሚመጣ ቅሬታ በእኔ እንደሆነው ወደ ዕድሜና ወደ መነጽር ይላካል። ስክሪን ተሰብሮበት የሚያስቀይርም ሰው ይጠይቅ። ጠጋኞች «30 ፒን ነው 40 ፒን?» ብለው ስለ ሶኬቱ ይጠይቃሉ፤ ስለ ፊቱ ግን ካላነሳችሁት በእጅ ያለው ይገጠማል። ማቱን በውሃ ዘፍዝፎ ለመላጥ የሚሞክሩም አሉ፤ አታድርጉት፣ ሻካራው ያለው በፖላራይዘሩ ላይ ስለሆነ ስክሪኑን ይዞት ሊሄድ ይችላል።

እኔ በመጨረሻ ያደረግሁት፣ በፍላሽ አንድ ገጽ ይዤ ወደዚያ ወጣት መመለስ ነው። ገጹ ላይ «ቲ ቴ፣ ጂ ጄ፣ ሚ ሜ፣ ኒ ኔ» ብዬ በ10፣ በ11 እና በ12 መጠን ጽፌአለሁ፤ ከስር ከአዛውንቱ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ። ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወስጄ፣ ስክሪኑን በራሴ ገንዘብ ላስቀይር ነበር የሄድኩት። ሁለት ባለ 14 ኢንች ስክሪኖች አወጣልኝ፣ ሁለቱም ማት። አንዱ ላይ አሸዋው እንዳለ ነበር። ሌላው ላይ ለማግኘት ዓይኔን ማጥበብ ነበረብኝ። ለዓመታት ሲገጥም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ እንዳላያቸው ነገረኝ፤ እሱም አንገቱን ግራና ቀኝ እያለ ቆመ።

ሁለተኛውን ገጠመልኝ። ፍላሹን ልነቅል ስል «ማዘር፣ ቆይ» አለና ገጹን ወደ ራሱ ኮምፒውተር ቀዳው። ለሚቀጥለው ሰው እንደሚከፍተው ነገረኝ። እኔ ያን ዕለት ማታ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ፤ አዛውንቱ ሁለተኛ እትም ያሳትማሉ፣ እኔም ዋጋ ላልቀበል ቃል ገብቼላቸዋለሁ። ገጽ 31 ላይ አራተኛውን «እናቲ» አገኘሁት።