ሰርቨሩ ነቅቷል፣ መንገዱን አትዝጉ

ሐይቅ ከተማ ቁጭ ብዬ ከስልኬ በኤስኤስኤች ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ውስጥ እገባለሁ። ላፕቶፔ የማይችለውን ዳታ እሱ ያሰላልኛል። ኔትወርክ ቢቆራረጥም ችግር የለም፤ ቲመክስ በሚባል ፕሮግራም ውስጥ የጀመርኩት ስሌት እዚያው ይቀጥላል፣ ስመለስ አገኘዋለሁ።

ለወራት ሲዘጋ ግን ቲመክስም አያድንም። በ2015 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ አይተነዋል። ሰርቨሩ ይሠራል፣ ኪራዩም ይቆጥራል፤ ውጤቱን የሚያይ ግን የለም።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖት ለትምህርት ከሸዋ ሐይቅ እስጢፋኖስ ድረስ መጥተዋል፤ መጽሐፉም መምህሩም እዚህ ነበሩና። የኛ መንገድ ኢንተርኔት ነው። እሱ ሲዘጋ የሚዘጋው ቲክቶክ ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤትም ነው።