መስመሩ ነው ወይስ ካርዱ?

ጅጅጋ ውስጥ የቢሮ ሥራ በተጓተተ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በኢንተርኔት መስመሩ ላይ ነው። «ኔትዎርክ የለም» ይባላል፤ ደንበኛው ወንበሩ ላይ ይጠብቃል። መስመሩ ከነቀፋ ነፃ ነው የሚል የለም። ይሁንና ብዙ ጊዜ ቀርፋፋው ነገር ከቢሮው ግድግዳ አልወጣም። የሂሳብ ሠራተኛው ከሰርቨሩ የሚጠራው መዝገብ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል አያልፍም፤ የሚያልፈው በኔትዎርክ ካርዱ፣ በኬብሉና በስዊቹ ነው።

ዋና መሥሪያ ቤቱን ጅጅጋ ያደረገው ሸበሌ ባንክ ገና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ሳለ በጀመረው ሄሎካሽ የተነሳ የአካባቢው ደንበኛ ገንዘብ በስልክ ወዲያው መቀበልን ለምዷል። ይህ ደንበኛ አስመጪው ቢሮ ገብቶ ደረሰኝ እስኪታተም ግማሽ ሰዓት ቢቆም ወደ ጎረቤት ቢሄድ አይፈረድበትም።

ሂሳቡን ማየት ይበቃል። 100 ሜጋ ቢት የሚባለው ካርድ ቢበዛ በሴኮንድ 12 ተኩል ሜጋ ባይት ያሳልፋል። 100 ጊጋ ባይት የሚሆን ሰነድ ለመጠባበቂያ ለመገልበጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። በጊጋ ቢት ካርድ ግን ሩብ ሰዓት አካባቢ ነው። መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ለሚሠራ ቢሮ ልዩነቱ የነዳጅ ወጪ ጭምር ነው።

ነጋዴው ይህን ሲሰማ ሮጦ «ፈጣኑን ካርድ» ይገዛል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። በ100 ሜጋ ቢት ስዊች ላይ የተሰካ ጊጋ ቢት ካርድ ራሱን ዝቅ አድርጎ በ100 ይሠራል። ኬብሉም እንዲሁ ነው። ለ100 ሜጋ ቢት አራት ሽቦ ይበቃል፤ ጊጋ ቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። ጫፉ በችኮላ የተጨመቀ አንድ ኬብል አዲሱን ካርድ ከንቱ ያስቀረዋል። ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ መዳብ የተለበጠ ኬብልም አለ፤ ሲያነሱት ይቀላል፣ ሽቦው በምላጭ ሲፋቅ ይነጣል። እንዲህ ያለውን ጥቅል በርካሽ ገዝቶ ግድግዳ ውስጥ ከመቅበር ካርዱን ባይቀይሩ ይሻላል።

ሰርቨሩ ግን የተለየ ነው። አሥር ሠራተኛ ከእርሱ ስለሚቀዳ ወጪ የሚገባው እዚያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደረጃ የወጣለት 2.5 ጊጋ ቢት ካርድ ደህና በተዘረጋ ካት 5ኢ ኬብል ላይ እስከ 100 ሜትር ይሠራል፤ ስዊቹም በዚያ ልክ መሆን አለበት። ደላላው የሚያሞግሰው 10 ጊጋ ቢት በካት 6 ኬብል ከ55 ሜትር አያልፍም። ሰርቨሩ የሚሽከረከር አሮጌ ዲስክ ካለው ደግሞ ዲስኩ ራሱ ያንን ፍጥነት አይመግበውም፤ ገዢው የከፈለው ለማይጠቀምበት ነገር ነው። ለላፕቶፕ የሚሸጠው የዩኤስቢ ካርድም ይታይ። «ጊጋ ቢት» ተጽፎበት ዩኤስቢ 2 ከሆነ ጣሪያው 480 ሜጋ ቢት ነው።

ከጅጅጋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቶጎ ውጫሌ የበርበራ ዕቃ መግቢያ ናት። ያለ ዲክላራሲዮን የገባ ካርድ ዋጋው ይማርካል፤ ደረሰኝ ስለሌለው ግን በወጪ አይመዘገብም፣ ሲበላሽም መላሽ የለውም። የኢንቴል የሰርቨር ካርዶች በየአገሩ ተመሳስለው እንደሚሸጡም የታወቀ ነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏልና አንድን ካርድ ሁለት ጊዜ መግዛት ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ስለዚህ ገዢው ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት ካርዱ እዚያው ሱቁ ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካ፤ በጊጋ ቢት ስዊች አንድ ትልቅ ፋይል ይገልበጥ፤ ሰዓት ይታይ። ቢሮ ሲደርስ ስክሪኑ 1 ጊጋ ማለት ትቶ 100 ካለ፣ ካርዱን ለመመለስ ከመጣደፉ በፊት የኬብሉን ጫፍ በአዲስ ያስጨምቅ።