እርሾ ዱቄት አይሆንም

ወገኖቼ፣ ዛሬም ኤርፖርት ወረፋ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ስትቀባበሉ አየሁ። «ከጭስ ቤንዚን ተሠራ፣ ነዳጅ በነጻ ሊሆን ነው» ይላል። ይሄ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ትናንት ግን አንድ ወንድማችን ዕቁቡ ሲወጣለት እዚህ ነገር ላይ ሊያስገባው እንደሆነ አጫወተኝ። ያ ገንዘብ ሌሊት ሲነዳ አድሮ ያገኘው ነው። ስለዚህ እናገራለሁ።

ሳይንሱ ውሸት አይደለም። በፈረንጆቹ 1985 ጃፓን፣ ቺባ ዩኒቨርሲቲ፣ ዮሺዮ ሆሪና ባልደረቦቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተሟሟበት ውሃ ውስጥ መዳብ ከተው ኤሌክትሪክ ቢለቁበት ሚቴን ጋዝ እንደሚወጣ አሳዩ። መዳብ ለፕላስቲክ የሚሆን ኤቲሊንና አልኮልም ይሰጣል። ካታሊስት የሚሉት ይህን መዳብ ነው፤ ሥራውን ያቀላጥፋል።

ውሸቱ «በነጻ» የሚለው ላይ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት የተቃጠለ ነዳጅ አመድ ነው። አመድን መልሶ ማገዶ ለማድረግ እሳቱ የሰጠንን ጉልበት በሙሉ መመለስ አለብን፤ መንገድ ላይ የሚባክነው ሲታከልማ ከዚያም በላይ። ካታሊስት ብክነቱን ይቀንሳል እንጂ ዕዳውን አይሰርዝም። እናቶቻችን ያውቁታል፦ እርሾ ሊጡን ያስነሳል፣ ዱቄት ግን አይሆንም። እዚህ ዱቄቱ ኤሌክትሪኩ ነው።

በታክሲ ሂሳብ ልንገራችሁ። አንድ ጋሎን ቤንዚን ውስጥ ወደ 33 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት አለ። ያንኑ ያህል ኤሌክትሪክ የባትሪ መኪና ላይ ብትሞሉት ከ100 ማይል በላይ ይሄዳል። የኔ ፕሪየስ በጋሎን 50 ማይል ገደማ ናት። ታዲያ ከ33 በላይ ከፍሎ ቤንዚን ሠርቶ 50 ማይል መሄድ ምን የሚሉት ብልጠት ነው? ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል ከመጣ ደግሞ ከምንሰበስበው ጭስ የምንለቀው ይበልጣል።

«አንተ ሹፌር፣ ሳይንስ ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። በየቀኑ ነዳጅ የሚገዛ ሰው ስለ ነዳጅ ካልተናገረ ማን ይናገር?

ጥናቱ ይቀጥል፤ ከባድ ባትሪ ተሸክሞ ሩቅ መብረር ለማይችል አውሮፕላን፣ ለፕላስቲክም ጥሬ ዕቃ ሊጠቅም ይችላል። ገንዘባችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። ኤሌክትሪኩ ከየት ነው? ከገባው ኤሌክትሪክ ስንት እጁ ምርት ሆኖ ይወጣል? ካታሊስቱ ሳይበላሽ ስንት ሰዓት ይሠራል? መልሱ ሌላ ቪዲዮ ከሆነ፣ ዕቁባችሁን ይዛችሁ ቤታችሁ ግቡ።

ተራዬ ደረሰ። ቸር ያሰማን።