ሬዲዮው ምን በደለ?

ዕቃ ገዝተን አልሠራ ካለን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ዕቃውን ነው። የሰቀለውን እጅ ማንም አይጠረጥርም። አሜሪካ ያሉ የሐበሻ ትራክ ሹፌሮች «ሲቢ ሬዲዮ ድሮ ሞቷል» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ይሄ ትዝ ይለኛል። አልሞተም ጌቶቼ! አንቴናው ነው የታነቀው።

«አንቺ ጋዜጠኝነት የተማርሽ ልጅ ስለ ቡሎን ምን አገባሽ?» የምትሉኝ አትጠፉም። በጣም ያገባኛል። የተማርኩት የመጀመሪያ ነገር ያልደረሰ መልእክት እንዳልተነገረ ይቆጠራል የሚል ነው።

ወንድሜ ከዴንቨር ተነስቶ በዋዮሚንግ በኩል በአይ-80 ይነዳል። ላራሚና ሮሊንስ መካከል ያለውን መንገድ በክረምት ያየ ያውቀዋል፤ ነፋሱ በረዶውን ከሜዳ እያፈሰ አስፋልቱ ላይ ይበትነዋል። አንድ ሌሊት አንድ ተሳቢ ተጠማዞ መንገዱን ዘግቶ ጠበቀው። እንደምንም ቆመ። ከኋላ ለሚመጡት በቻናል 19 ጮኸ፣ ደግሞ ጮኸ። የሰማው የለም። ቀጥሎ የመጣው ሹፌር ቀስ ብሎ ይነዳ ስለነበር ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት አይቶ ባይቆም ኖሮ ዛሬ ይሄን ጽሑፍ ሳይሆን ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው።

ሬዲዮው አዲስ ነው። የሰቀለለት ሱቅም «ቲዩን አድርጌዋለሁ» ብሎ ሒሳቡን ተቀብሏል። ቅሬታውን ይዞ ሲመለስ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ጉልበት ማጉያ ግዛ!»

ደሜ የሚፈላው እዚህ ጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲቢ በኤኤም የተፈቀደለት 4 ዋት ነው፤ ማጉያ መግጠም በሕግ ክልክል ነው። ሕጉን እንተወውና፣ ጉልበቱን አራት እጥፍ ብታደርገው እንኳ በሰሚው ሬዲዮ መለኪያ ላይ የምትጨምረው አንድ እርከን ብቻ ነው። በሚያፈስ እንስራ ውሃ እየጨመሩ እንደመሸከም ነው።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አንጋፋ ሹፌር ነገሩን በግማሽ ሰዓት ጨረሱት። ሬዲዮውና አንቴናው መካከል የኤስ ደብሊው አር መለኪያ ገጠሙ፤ ከ3 በላይ አነበበ። 3 ማለት ከላክኸው ጉልበት ሩቡ ተንፀባርቆ ይመለሳል ማለት ነው። «አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ቀለም ላይ ነው የታሰረው» አሉት። የመኪናው ብረት የአንቴናው ሌላኛው ግማሽ ነው፤ ካልተገናኙ አንቴናው በአንድ እግሩ የቆመ ነው። የስፖኪዮውን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ፋቁ፣ ቡሎኑን አጠበቁ፣ ከመያዣው ወደ ሻሲው አጭር ወፍራም ሽቦ አሰሩ።

ከዚያ ልኬት። የሲቢ ሞገድ 11 ሜትር ያህል ስለሆነ ሩቡ እንኳ 2.7 ሜትር ይደርሳል። አጭር አንቴና በጥቅልል ሽቦ ስለሚካካስ ትንሽ ለውጥ ይነካዋል። ስለዚህ ከግድግዳና ከሌላ መኪና ራቅ ብለህ፣ በር ዘግተህ፣ ቻናል 1ንና 40ን ለካ። 40 ላይ ከበለጠ አንቴናው ረዝሟል፤ አሳጥረው። 1 ላይ ከበለጠ አጥሯል፤ አስረዝመው። ከ1.5 በታች ግሩም ነው፣ እስከ 2 ያሠራል፣ ከ3 በላይ ከሆነ አትናገርበት፤ ሬዲዮውን ታቃጥለዋለህ። የወንድሜ 1.4 ላይ ቆመ። የቤት መኪና ያላችሁ ደግሞ ማግኔቷን ጣሪያው መሃል አስቀምጧት።

«ስልክ እያለ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ሌሊቱን ሙሉ በግሩፕ ጥሪ ስትጨዋወቱ እንደምታድሩ አውቃለሁ፤ እንቅልፍም ያባርራል። ግን ስልኩ አትላንታ ያለው ጓደኛህ ጋ እንጂ ከኋላህ ግማሽ ማይል ላይ ያለው የማታውቀው ሹፌር ጋ አያደርስህም። «ቻናሉ ላይ በቅላጼያችን ይቀልዱብናል፣ ይሰድቡናል» የምትሉም አላችሁ። እውነት ነው፣ ባለጌ አይጠፋም። ግን በረዶው ቅላጼ አይለይም። «መንገድ ተዘግቷል፣ ቁም!» ለማለት የሚበቃ እንግሊዝኛ ሁላችንም አለን።

ስለዚህ ነገ ሱቅ ስትሄዱ «ቲዩን አድርጌዋለሁ» የሚላችሁን ሰው አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ ቁጥሩን አሳየኝ። ካላሳያችሁ ሒሳብ አትክፈሉ!