«አጥንቱስ?»



ሰሞኑን ቀፊራ አካባቢ አንድ የድሮ ተማሪዬን አገኘሁት። በባጃጅ አደጋ ጭንቅላቱ ተጎድቶ አንጎሉ ሲያብጥ፣ ሐኪሞች ከራስ ቅሉ ሰፋ ያለ አጥንት አንስተው ነው ነፍሱን ያተረፉት። ዛሬ ያ ቦታ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ ኮፍያ ደፍቶበታል። «አጥንቱስ መቼ ይመለሳል?» ብለው፣ «ቲቸር፣ እሱ ለመልክ ነው። መትረፌ አይበቃም?» አለኝ። ቀና ብሎ ሲቆይ ራሱን እንደሚያመውና እንደሚያዞረው የነገረኝም ራሱ ነው።

አቦ፣ ለመልክ ብቻ አይደለም!

እንደ ፊዚክስ ክፍላችን ላስረዳ። አንጎላችን ፈሳሽ ውስጥ ነው የሚንሳፈፈው። አዋቂ ሰው 150 ሚሊ ሊትር ገደማ አለው፤ በቀን የሚመረተው ግን ወደ 500 ስለሆነ በየቀኑ ሦስት ጊዜ ያህል ይታደሳል። ከሚያዘዋውሩት ነገሮች አንዱ የልብ ምት ነው። ደም ወደ አንጎል ሲገባ፣ ቅሉ ዝግ ስለሆነ ፈሳሹ ወደ አከርካሪ ይገፋል፤ ከዚያ ይመለሳል። አጥንቱ ሲጎድል ግፊቱ በለስላሳው ቆዳ ላይ ይባክናል፣ ዝውውሩም ይዛባል። ሰውየው ሲቆም ደግሞ የውጭው አየር ግፊት ቆዳውን ወደ አንጎሉ ይጫነዋል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የእጅና የእግር መድከም ሊከተል ይችላል። ክፍተቱ በራሱ አጥንት፣ በታይታኒየም ወይም በአጥንት ሲሚንቶ ሲደፈን፣ በብዙዎች ላይ የፈሳሹም የደሙም ዝውውር ይሻሻላል።

ተአምር ነው አላልኩም። ኢንፌክሽን ሊያጋጥም ይችላል። አንዳንዱ ላይ ፈሳሹ ይጠራቀምና ማስወገጃ ቱቦ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጊዜውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ እብጠቱ መጉደል፣ ቁስሉም መዳን አለበት። ከተደፈነ በኋላም የሚብስ ራስ ምታት፣ ትውከት ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ከመጣ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ነው።

ቅሬታዬ በራሳችን ላይ ነው። ድሬ አደጋ ሲደርስ ደራሽ አላት። ለመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ጎረቤቱም፣ እድሩም፣ የባጃጅ ሾፌሩም ያዋጣል። ለሁለተኛው ግን «ተርፏል፣ ተመስገን» ብለን እንበተናለን። ሐረር ወይም አዲስ አበባ መመላለስ ካለማ ልጁ ብቻውን ይቀራል። እኔ የምለው፣ መዋጮው ሲጀመር የሁለቱም ወጪ አብሮ ይታሰብ። ቤተሰብም ከሆስፒታል ሲወጣ የሚመለስበትን ጊዜ አስጽፎ ይያዝ።

ሰኞ ከተማሪዬ ጋር ቀጠሮ ልናሲዝ እንሄዳለን። እናንተም ሰፈራችሁ ኮፍያውን የማያወልቅ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ፣ «አጥንቱስ?» በሉት።