ልምጭም ከደን ይቆጠር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ሐሙሲትን አልፎ ወደ ወረታ የሚጓዝ መንገደኛ ግራና ቀኙን ቢመለከት፣ ከሩዝና ከጤፍ ማሳ፣ ከባሕር ዛፍና ከከብት መንጋ በቀር የሚያየው ጥቂት ነው። የተፈጥሮ ደን የሚባለው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ እንደ ደሴት ተነጥሎ ቀርቷል። ለዚህም እንኳ ያበቁት ካህናቱና ምእመናኑ መሆናቸው የታወቀ ነው።

ስለ እነዚህ ደኖች በስብሰባ ሲነገር የሚነሡት ጽድ፣ ወይራና ዋንዛ ናቸው። ከእነርሱ ጥላ ሥር የሚበቅለውን ልምጭን ግን ከዛፍ የሚቆጥረው የለም። ልምጭ የሎሚና የብርቱካን፣ የጤና አዳምም ዘመድ ነው። ቅጠሉ ታሽቶ ሲሸተት ዝምድናው ወዲያው ይታወቃል። ቁመቱ ከጥቂት ሜትር አያልፍም፤ አበባው ነጣ ያለ፣ ፍሬው ሲበስል የሚጠቁር ነው። ፍሬውን ወፎች ይለቅሙታል፤ ዘሩንም ይበትኑታል። ገበሬው የሚያውቀው በመፋቂያነቱ ነው። ስሙ ለቀጭን አርጩሜም ስለሚነገር፣ ከማኅበር መሪዎች መካከል በልጅነቱ ልምጭን በጀርባው ያላወቀ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

ዛፉ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ደቡብ አፍሪካ ስለሚበቅል ከዓለም ይጠፋል ተብሎ አይፈራም። ከደራና ከፎገራ ግን ሊጠፋ ይችላል። በ«እመጓ» መጽሐፉ ብዙ አንባቢ የሚያውቀው የደን ምሁሩ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን መርምሮ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አቅርቧል። በእነዚያ ደኖች 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተገኝቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከውጭ የመጡት 8 ብቻ ናቸው። ለማኅበር መሪዎች ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ግን ሌላው ውጤት ነው። የአብዛኞቹ ዋና ዋና ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ተከማችቶ አይቆይም። ስለዚህ ደኑ አንድ ጊዜ ከተመነጠረ፣ መሬቱ ታጥሮ ቢተው እንኳ ዛፉ ከአፈሩ ተነሥቶ አይመለስም። ከብት በሚገባበት ደን ደግሞ ችግኙ ይረገጣል፣ ይጋጣል፤ ከብት በተከለከለበት ቦታ ግን ችግኝ በርከት ብሎ እንደሚጸድቅ ምርምሩ አረጋግጧል። ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ሳለ ከሥሩ ባዶ የሆነ ደን ከሩቅ ሲያዩት ለምለም ነው፤ ተተኪ ግን የለውም። ልምጭን የመሰለው ትንሽ ዛፍ መሳሳቱ የዚህ ምልክት ሆኖ ሊታይ ይገባል።

መድኃኒቱ እዚሁ አገር ተሞክሯል። ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ላውማን ጋር በመተባበር ደብሮቹን በድንጋይ ካብ የማሳጠር ሥራ አስጀምረዋል። ድንጋዩን ገበሬው ከማሳው እየለቀመ ያመጣዋል፤ ስለዚህ ደኑ ሲታጠር እርሻውም ይጸዳለታል። ከውጭ ገንዘብ ካልመጣ አይሠራም የሚባል ሥራ አይደለም።

«ከብቱስ የት ይግባ?» የሚለው ጥያቄ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በክረምት ጉማራና ርብ ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት፣ በበጋም ፀሐዩ ሲበረታ፣ ገበሬው ከብቱን ወደ ደብሩ ጥላ ቢያስጠጋ አያስወቅሰውም። መኖ ሳይዘጋጅ ካብ ብቻ ቢካብ በሌሊት እየተናደ ያድራል። የሩዝ ገለባን ከዝናብ ጠብቆ ማከማቸት፣ የታጠረውንም ሣር አጭዶ መስጠት ከካቡ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት።

ሌላም ክርክር አለ። በ1918 እ.ኤ.አ. ስም የወጣላትና ስሟንም ከኤርትራ ያገኘችው ትሪዮዛ ኤሪትሬኤ የምትባል ጥቃቅን ተባይ የሎሚና የብርቱካን ቅጠል ታጎደጉዳለች፤ ፈውስ የሌለውን የብርቱካን ቢጫ በሽታም ታስተላልፋለች። ይህች ተባይ በልምጭም ላይ ትኖራለች። በሽታውን የሚያመጣው ረቂቅ ተሕዋስ አንዱ ዓይነት በሰሜን ኢትዮጵያ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ተገልጿል። ታዲያ ልምጩ ይመንጠር የሚል ሰው ቢነሣ አይደንቅም። ይህ ግን የተሳሳተ ስሌት ነው። በሽታው ከአገር ወደ አገር የሚዛመተው በታመመ ችግኝና ለማዳቀያ በሚወሰድ ቅርንጫፍ ጭምር ነው። ያልተመረመረ ችግኝ ከገበያ እየገዙ ልምጭን መመንጠር ሎሚውን አያድነውም። ይልቅስ የፍራፍሬ ችግኝ ጣቢያ ከደን ጥግ ራቅ ብሎ ይቋቋም፤ የታመመው ዛፍ በጊዜ ይነቀል።

ስለ መፋቂያውም ቢሆን ፈጽሞ መከልከል አይጠቅምም፤ የማይከበር ደንብ ይሆናል። ልምጭ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ቅርንጫፉን መርጦ መቁረጥ ይቻላል፤ የሚጎዳው ግንዱን ከነሥሩ መንቀሉ ነው። ከደኑ ውጭ በጓሮ አጥር ላይ ቢተከል ደግሞ ደኑን ማንም አይነካውም።

ካብ ለመካብ የተነሣ ማኅበር ከሥራው በፊት ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ተቀምጦ በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚቆይና የታጨደው ሣር ለማን እንደሚከፋፈል ቢስማማ ይሻላል። የሣሩ ነገር ከሁሉም በላይ ስለሚያጨቃጭቅ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።